ስለ ጭነት ተሳቢ ኪራይ፤ በሳቫና ወደብ መኪናቸውን ራሳቸው የሚነዱ ሰዎች እንዴት እንደሚሠሩ

የምድር ፍሬ ከጎተራ ወጥቶ ከገበያ ወይም ከወደብ እስኪደርስ ድረስ ዋጋው ሙሉ አይባልም። ስለዚህ ሹምም ሆነ ባለ ርስት የእርሻን ነገር ሲመረምር የማጓጓዣውንም ነገር አብሮ ሊመረምር ይገባዋል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆን በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት የሚገኘው የሳቫና ወደብ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ሳቫና በ1733 የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቀድሞ ስሟ የተሰማው በጥጥ ንግድ ነበር፤ የታወቀው የጥጥ መዳመጫ መኪናም በ1793 የተፈለሰፈው በአቅራቢያዋ ባለ እርሻ ነው። ዛሬ ከወደቧ ጥጥ፥ በበረዶ የደረቀ የዶሮ ሥጋና እንጨት ይወጣል። በ2010 ያለፈባት ጭነት በሃያ ጫማ ሣጥን ልክ ሲቈጠር ከ3 ሚሊዮን ያነሰ ነበር፤ በ2022 ግን ከ5 ሚሊዮን 700 ሺህ በልጧል። በአጠገቧ ያለችው ፑለር የምትባለው ከተማ በ2000 ከ6 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ ነበራት፤ በ2020 ከ25 ሺህ በላይ ሆነ።

ይህን ጭነት ከሚያመላልሱት ብዙዎቹ አንድ መኪና ብቻ ያላቸው፥ ባለቤትም ነጂም የሆኑ ሰዎች ናቸው። ከአገራችን ተሰደው በዚያ ምድር ከሚኖሩትም በዚሁ ሥራ የሚተዳደሩ አሉ። እንዲህ ያለው ሰው ሞተር ያለበትን ጎታች መኪና በዕዳ ይገዛል፤ ዕቃው የሚጫንበትን ተሳቢ ግን ይከራያል። ነገሩ በሬ ያለው ገበሬ ሞፈርና ቀንበር ተውሶ እንደሚያርስ ያለ ነው፤ ልዩነቱ የተሳቢው ኪራይ መንኰራኵሩ ቆሞም ሳለ መቈጠሩ ነው።

የሚከራይበት ምክንያት ጭነቱ ስለሚለዋወጥ ነው። ለዶሮ ሥጋና በበጋ ለሚለቀመው ኮክ ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ ያስፈልጋል፤ ለእንጨትና ለብረት ጠፍጣፋው፥ ለሱቅ ዕቃ ርዝመቱ 53 ጫማ (16 ሜትር ያህል) የሆነው ዝጉ ይሆናል። የመርከብ ሣጥን ደግሞ አጽም ብቻ በመሰለ ሻንሲ ላይ ይጫናል፤ ይህንም በቀን እያሰቡ ያከራዩታል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ጭነት የሚያገኝ ሰው ግን መግዛት ይሻለዋል።

ከኪራዩ ዋጋ ይልቅ ክብደቱን መመልከት ይበልጣል። በትልልቁ መንገድ ላይ መኪናው፥ ተሳቢውና ጭነቱ በአንድነት ከ80 ሺህ ፓውንድ (36 ሺህ 287 ኪሎ) እንዳያልፉ በሕግ ተወስኗል። ስለዚህ የተሳቢው ክብደት በጨመረ መጠን የሚጫነው ዕቃ ይቀንሳል፤ ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ በሞተሩና በወፍራም ግድግዳው ምክንያት ከዝጉ ይከብዳል። ከዚህም በላይ አንዳንድ አከራዮች የማቀዝቀዣውን ሞተር የሠራበትን ሰዓት ለብቻ ያስከፍላሉ፤ ርካሽ የመሰለው ኪራይ በዚህ ይወደዳል።

ዋናው ነገር ግን ውሉ ነው። ጎማ ሲፈነዳ፥ ፍሬን ሲያልቅ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ በግልጥ መጻፍ አለበት። ሕጉ ተሳቢው በየ12 ወሩ እንዲመረመር ያዛል፤ ነጂውም ከመነሣቱ በፊት ደኅና መሆኑን ማረጋገጥ ግዴታው ነው። በመንገድ ላይ መርማሪ የላላ ፍሬን ቢያገኝ «ተሳቢው የእኔ አይደለም» ማለት አያድነውም። የራሱ መኪና ኢንሹራንስም የሰውን ተሳቢ ላይሸፍን ይችላልና አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ብልህ ተከራይ ሲረከብም ሲመልስም ጎማውን፥ መብራቱን፥ ወለሉንና በሩን ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ይህን ያላደረገ ሰው የሌላውን ጭረት ሲከፍል ይገኛል።

ኪራይ እየተባለ በመጨረሻው ባለቤትነት የሚያስገኘው ውል ይበልጥ ያሠጋል። ተከራዩ በአንድ ወር ክፍያ ቢያጓድል፥ እስከዚያ የከፈለው ሁሉ ቀርቶበት ተሳቢው ሊወሰድበት ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ወረቀት ሕግ አዋቂ ሳያየው መፈረም ሞኝነት ነው።

የባሕሩ ጠባይም በሂሳብ ይገባል። የአውሎ ነፋስ ወራት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ቀን ነው። በኦክቶበር 2016 ማቲው የተባለው አውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ የባሕሩ ዳርቻ ሕዝብ እንዲሸሽ ታዘዘ፥ ወደቡም ተዘጋ። በእንዲህ ያለ ቀን ጭነት የለም፤ ውሉ ካልከለከለ ግን ኪራዩ አይቆምም፤ በቆመበት ውሃ ያበላሸውም ተሳቢ ዕዳው በተከራዩ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ወደብ በተዘጋበት ቀን ኪራዩ እንዲታለፍ ወይም እንዲቀነስ፥ ተሳቢውንም ከጎርፍ ወደ ራቀ ግቢ ለማዛወር ፈቃድ እንዲኖር፥ ከመፈረሙ በፊት በውሉ ያስገባሉ።