ካምሻፍቱ ከጎማው ጋር ካልተግባባ ዳገቱ ያሸንፋል

ኤፕሪል 1 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ.) በዲዬጎ ማራዶና የሚመራው የአርጀንቲና ብሔራዊ ቡድን ሜሲንና ቴቬዝን አሰልፎ ላፓዝ ገባና በቦሊቪያ 6 ለ 1 ተቀጥቶ ወጣ። ሜሲ በአንድ ቀን ኳስ አልጠፋበትም። ስታዲየሙ ያለው 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሳንባ የለመደውን ያህል አየር አያገኝም። ሞተርም እንደ ተጫዋች ነው፤ የሚተነፍሰው አየር ሲሳሳ እግሩ ይከብዳል።

ቀራንዮ ላይ የሚነሳ መኪናም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባህር ወለል በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ጥሎ ነው ጨዋታውን የሚጀምረው። ማለትም ገና ፊሽካ ሳይነፋ አንድ ጎል ተቆጥሮበታል።

ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጭቃና ድንጋይ የሚወድ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ትልቅ ጎማ ማስገባት! መኪናው ከፍ ይላል፣ ግርማ ሞገስ ያገኛል። ዳገት ላይ ግን ይሰንፋል። ያኔ «ካምሻፍቱን ቀይረው፣ የውድድር አስገባበት» የሚል ምክር ይመጣል።

ካምሻፍት የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው። ክራንክሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር እሱ አንዴ ይዞራል። በላዩ ላይ ያሉት እንቁላል መሳይ ጉብታዎች ቫልቩ ምን ያህል ከፍ እንደሚልና ለምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ እንደሚቆይ ይወስናሉ። የውድድር ካምሻፍት ቫልቩን ረዘም አድርጎ ይከፍታል። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር አየር እንደ ልብ ይገባለታል፤ ዙሩ ሲወርድ ግን ይንተባተባል። ሜዳው ሲከፈት ብቻ ጎል የሚያገባ የመልሶ ማጥቃት አጥቂ በሉት። ጭቃና ገደላገደል ደግሞ ዘጋግቶ የሚጫወት ቡድን ነው፤ እዚያ የሚያስፈልገው በዝቅተኛ ዙር እየገፋ የሚሄድ ጉልበተኛ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የጎማው ቁመት 80 ሴንቲ ሜትር፣ የዲፈረንሻሉ ምጣኔ 4.11 የሆነ መኪና አንድ ለአንድ በሆነው ማርሽ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሞተሩ በደቂቃ 2,180 ጊዜ ያህል ይዞራል። ጎማው ብቻ ወደ 88 ሴንቲ ሜትር ሲያድግ በዚያው ፍጥነት ዙሩ ወደ 1,980 ይወርዳል። በዚህ መኪና ላይ ከ2,500 ዙር በላይ የሚነቃ ካምሻፍት ቢገባ አስፋልት ላይ እንኳ ሲያንቀላፋ ይውላል። ዲፈረንሻሉ ወደ 4.56 ቢቀየር ግን ዙሩ 2,200 ገደማ ይሆናል፤ መኪናው ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ ማለት ነው። ካምሻፍቱ ሳይነካ ግማሹ ችግር ተፈታ!

የድሮው ላንድክሩዘር 2ኤፍ የቤንዚን ሞተር ጥሩ ምሳሌ ነው። 4.2 ሊትሩ ሞተር ከፍተኛውን የመጎተት ጉልበት የሚሰጠው 1,800 ዙር አካባቢ ነው። ፋብሪካው ይህን ያደረገው ፈጣን መሥራት አቅቶት አይደለም፤ መኪናው ተራራ እንዲወጣ ነው። የናፍጣ ላንድክሩዘር ያለው ሰው ደግሞ ባይደክም ይሻለዋል። ለእሱ የከፍታው መድኃኒት ካምሻፍት ሳይሆን ቱርቦ ነው።

ሌላም አለ። የውድድር ካምሻፍት የአየር ማስገቢያውን ቫልቭ ዘግይቶ ነው የሚዘጋው። በዝቅተኛ ዙር ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመለስ የገባውን አየር ከፊሉን መልሶ ያስወጣዋል። ባህር ዳርቻ ላይ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ይህ ብዙም አይጎዳም። አዲስ አበባ ላይ ግን ከመጀመሪያውም የሳሳውን ማባከን ነው። ስለዚህ ለባህር ወለል የተጻፈ ካታሎግ የሚመክረውን እንዳለ ከመውሰድ አንድ ደረጃ ለስለስ ያለውን መምረጥ ይበጃል።

ልዩነቱን ማየት የፈለገ በአየር ጤና፣ በሰበታ አድርጎ የጅማን መንገድ ይያዝ። ጊቤ ድልድይ ሲደርስ ከፍታው 1,100 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ያው መኪና ጎልማሳ የነበረው ጎረምሳ ይሆንበታል። እዚያ ተሞክሮ «አሪፍ ነው» የተባለ ካምሻፍት ከ3,300 ሜትር በላይ የሆነው ወጨጫ ተራራ ላይ ሊያሳፍር ይችላል።

ከማፈሩም የባሰ አለ። በትልቅ ጎማ ላይ ማርሹ ካልተስተካከለ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናውን ይዞ የማስቀረት አቅሙ ይቀንሳል። ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ሲግል ደግሞ ይከዳል። ዳገት ያቃተው መኪና ይቆማል፣ ቢበዛ ይሳቅበታል። ቁልቁለት ያቃተው ግን ነፍስ ይዞ ነው የሚሄደው።

ወጪውም ቀላል አይደለም። እንደ 2ኤፍ ባለ ሞተር አዲስ ካምሻፍት ሲገባ አብረውት የሚሠሩት ታፔቶች በአዲስ ካልተተኩ አዲሱን ዘንግ ይበሉታል። ተሳስቶ የመረጠ ሰው ሞተሩን ሁለቴ ይከፍታል፣ ሁለቴ ይከፍላል።

ስለዚህ ተራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጎማው ይወሰን። ቀጥሎ ማርሹና ዲፈረንሻሉ ለዚያ ጎማ ይስተካከሉ። ከዚያ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ በሚሄድበት ፍጥነት ሞተሩ ስንት እንደሚዞር ተሰልቶ፣ በዚያ ዙር ላይ የሚበረታ ካምሻፍት ይፈለግ። ጨዋ አሠልጣኝም አጥቂ የሚገዛው የአማካዩን ክፍል አይቶ ነው።