3 ሲደመር 3፣ 5?

ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቱን ጨርሷል። ዲፓርትመንት ምረጡ ተብለው ሒሳብን አንደኛ አድርጎ ሊሞላ ነው። እማዬ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። «አንተ ታላቁ አይደለህ? ምከረው እንጂ!» ብላኝ ቅዳሜ ዕለት ላናግረው ተቀመጥኩ።

«ሒሳብ ተምረህ ምን ልትሠራ ነው?» አልኩት።

መልስ የለም። የቻርጀሬን ገመድ አነሳና ቋጠረው። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በፕላስተር አያይዞ «በል ፍታው» አለኝ።

አይፈታም እኮ! ጫፍና ጫፉ ከተያያዘ በኋላ እውነተኛ ቋጠሮ ሳይቆረጥ አይፈታም። ቶፖሎጂ የሚባለው የሒሳብ ዘርፍ ግን ጥያቄውን እንዲህ ያነሳዋል፦ ገመዱ በተደራረበበት አንድ ቦታ ላይ ቆርጬ፣ የላዩን ከታች አሳልፌ መልሼ ብቀጥለው፣ ቋጠሮው እንዲፈታ ይህን ቢያንስ ስንት ጊዜ ማድረግ አለብኝ?

ወንድሜ የሠራው ቋጠሮ ሰባት ቦታ የተደራረበ ነው። መልሱ 3 ነው። በመስታወት የሚታየው ግልባጩም 3 ነው። ሁለቱን በአንድ ገመድ ላይ ብናስከትላቸውስ? 6 አላችሁ አይደል? እኔም ብያለሁ። የሒሳብ ሰዎችም ለአሥርት ዓመታት እንደዚያ ይሆናል ብለው ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ማረጋገጥ ግን አቃታቸው። ለካ የሚረጋገጥ ነገር አልነበረም። በ2025 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ማርክ ብሪተንሃም እና ሱዛን ኸርሚለር በኮምፒውተር ሲፈልጉ ቆይተው 5 ጊዜ እንደሚበቃ አሳዩ።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። የትኛውንም ቋጠሮ ብትሰጡት ይህን ቁጥር በእርግጠኝነት የሚነግራችሁ አጠቃላይ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም።

«እሺ፣ ምን ይጠቅማል?» አልኩት፤ እማዬን ወክዬ ነው።

«ሲፕሮ ውጠህ ታውቃለህ?»

ማን ያልዋጠ አለ! ዲኤንኤ ረጅም ክር ስለሆነ ሴል ውስጥ ይተበተባል። ቶፖአይሶሜሬዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች አንዱን ክር ቆርጠው፣ ሌላውን በመሃሉ አሳልፈው፣ መልሰው ይገጥሙታል። ያው የገመዱ ጨዋታ ማለት ነው። ሲፕሮ የሚያውከው የባክቴሪያን እንዲህ ያሉ ኢንዛይሞች ነው፤ የተቆረጠው ሳይገጠም ይቀራል፣ ባክቴሪያው ይሞታል።

እውነቱን ለመናገር ሲፕሮን ያገኙት የቋጠሮ ሒሳብ ሰዎች አይደሉም። እንዲያውም የእነሱ ሥራ የተነሳው ከስህተት ነው። በ1860ዎቹ ሎርድ ኬልቪን «አተሞች በኤተር ውስጥ ያሉ ቋጠሮዎች ይሆናሉ» ብሎ ገመተ። ወዳጁ ፒተር ቴይት ቋጠሮዎችን በዓይነት በዓይነታቸው እየለየ በሠንጠረዥ መደርደር ያዘ። ሐሳቡ ውድቅ ሆነ፣ ሠንጠረዡ ግን ቀረ። ከመቶ ዓመት በኋላ ባዮሎጂስቶች የተቋጠረ ዲኤንኤ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ የቱ ቋጠሮ እንደሆነ ለመለየት የዚህ ዘርፍ እውቀት ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው።

ታዲያ እማዬን «መቶ ዓመት ጠብቂ» ልበላት? የቤት ኪራይ አይጠብቅም። እኔ እሷን ሰምቼ አካውንቲንግ ተምሬያለሁ፤ ደመወዜ በየወሩ ይገባል፣ አልተራብኩም። ግን መልሱን ለማወቅ የጓጓሁበትን ጥያቄ በሥራ ላይ አንድ ቀን አጋጥሞኝ አያውቅም። የወንድሜን ዓይን ሳይ የቀናሁት በዚህ ነው መሰለኝ።

ማታ እማዬ ደወለች። «መከርከው?»

«ሒሳብ ይሙላ» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «ደመወዙስ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ፎርሙ ሐሙስ ይዘጋል። ገመዴ አሁንም እንደተቋጠረ ነው፣ ስልኬም 9 ፐርሰንት ቀርቶታል።