ኢስት ሆክስበሪ፦ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ግዛት በፈረንሳይኛ የሚያርሱ ገበሬዎች

በካናዳ ከሞንትሪያል ወደ ኦታዋ በዋናው አውራ ጎዳና በመኪና የሄደ ሰው፣ ልብ ባይለውም፣ ኢስት ሆክስበሪን አቋርጧል። የኩቤክ አውራ ጎዳና ቁጥር 40 አብቅቶ የኦንታሪዮ ግዛት አውራ ጎዳና 417 የሚጀምረው እዚህ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳ፣ የድርቆሽ መሬት፣ ረጃጅም የመኖ ማከማቻዎችና የወተት ላሞች በረት ይታያሉ። የነዋሪው ቁጥር ከ3,000 ብዙም አይበልጥም። ኦንታሪዮ በአመዛኙ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ብትሆንም፣ እዚህ ግን አብዛኛው ሰው አፉን የፈታው በፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛው ከየት መጣ? እስከ ዛሬስ ምን አቆየው?

ታውንሺፕ ምንድን ነው?

ታውንሺፕ በኦንታሪዮ ዝቅተኛው የገጠር አስተዳደር እርከን ነው። ኢስት ሆክስበሪ ከተማ የለውም፤ ሴንት ኧዤን፣ ሹት-አ-ብሎንዶ፣ ሴንት-አን-ደ-ፕሬስኮት የሚባሉ መንደሮችና በመካከላቸው የተበተኑ እርሻዎች ናቸው። ጽሕፈት ቤቱ የሚገኘው ሴንት ኧዤን ነው። ነዋሪው በየ4 ዓመቱ ከንቲባና የምክር ቤት አባላት ይመርጣል። ምክር ቤቱ የገጠሩን መንገድ ይጠግናል፣ በብርዱ ወራት በረዶ ያስጠርጋል፣ ቆሻሻ ያስነሳል፣ የእሳት አደጋ መከላከያን ያደራጃል፣ የግንባታ ፈቃድ ይሰጣል። ለዚህ ሁሉ ዋናው የገንዘብ ምንጭ በቤትና በመሬት ላይ የሚጣለው ግብር ነው። አምቡላንስና ዋና ዋና የካውንቲ መንገዶች ደግሞ ከታውንሺፑ በላይ ያለው እርከን የሆነው የፕሬስኮትና ራስል ካውንቲዎች ኅብረት ኃላፊነት ናቸው። የኅብረቱ ምክር ቤት የ8 ማዘጋጃ ቤቶች ከንቲባዎች የሚቀመጡበት ሲሆን፣ የኢስት ሆክስበሪ ከንቲባም ከስምንቱ አንዱ ነው።

ፈረንሳይኛው ከየት መጣ?

አካባቢውን ቀድመው የያዙት ሰፋሪዎች በብዛት ከብሪታንያና ከአሜሪካ የመጡ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን በኩቤክ ገጠር መሬቱ ለወራሾች ሲከፋፈል አነሰ፤ ለወጣት ባለትዳሮች የሚተርፍ ጠፋ። ቤተሰቦች ወደ ምዕራብ ተሻግረው ሌሎች የተዉትን ረግረጋማ መሬት ያዙ፣ ቦይ እየቆፈሩም አጠነፈፉት። አፈሩ ከ10,000 ዓመታት በፊት አካባቢውን ሸፍኖ የነበረው የሻምፕሌን ባሕር የተወው ሸክላ ነው። ውሃው ከወጣለት ያበቅላል፤ ካልወጣለት ዘርን ያበሰብሳል። ዛሬ በብዙ ማሳዎች ሥር ውሃ የሚያንጠፈጥፉ ቀዳዳ ያላቸው የፕላስቲክ ቱቦዎች ተቀብረዋል።

ትምህርት ቤቱና ሕጉ

ሰፋሪዎቹ በደረሱበት ቤተ ክርስቲያን ተከሉ፣ ትምህርት ቤትም ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1912 የኦንታሪዮ መንግሥት ደንብ 17 የተባለውን አወጣ፤ በዚህ ደንብ በፈረንሳይኛ ማስተማር ለመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ብቻ ተወሰነ። ተቃውሞው በረታ። በ1916 በኦታዋው ጊግ ትምህርት ቤት እናቶች የባርኔጣ መርፌ ይዘው ደንቡን ጥሰው በፈረንሳይኛ የሚያስተምሩትን መምህራን ከፖሊስ ጠበቁ። በ1927 መንግሥት ደንቡን ማስፈጸሙን ተወ።

ከዚያ ወዲህ መብቱ ደረጃ በደረጃ ሰፋ። በ1968 በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ የፈረንሳይኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተፈቀዱ። በ1986 የወጣው ሕግ ደግሞ በተመረጡ አካባቢዎች የግዛቱ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በፈረንሳይኛ እንዲያስተናግዱ አዘዘ፤ ፕሬስኮትና ራስል ከነዚህ አካባቢዎች መካከል ናቸው። ማዘጋጃ ቤቶችን ግን ይህ ሕግ አያስገድድም፤ ምርጫው የየምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ በአንድ ታውንሺፕ የፈረንሳይኛ አገልግሎት የሚወሰነው በዋናነት ነዋሪው ማንን መረጠ፣ ምንስ ጠየቀ በሚለው ነው።

ወተትና ኮታ

ቋንቋው የቆመው በሕግ ብቻ አይደለም፤ በወተትም ነው። በካናዳ የወተት ገበሬ ያሻውን ያህል አልቦ መሸጥ አይችልም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ምርቱ የአገሪቱን ፍላጎት ተከትሎ በኮታ ይደለደላል። ኮታው የሚለካው በቀን በሚመረት የወተት ቅባት ኪሎ ነው፤ አንዲት ላም በግምት 1 ኪሎ ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ትሰጣለች። በኦንታሪዮ የ1 ኪሎ ኮታ ዋጋ ጣሪያ 24,000 የካናዳ ዶላር ነው። 50 ኪሎ ኮታ ይዞ ሥራውን መጀመር የፈለገ ሰው ላምና መሬት ከመግዛቱ በፊት 1.2 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ጥቅሙም ቀላል አይደለም። የወተት ዋጋ የሚተመነው የማምረቻ ወጪ ታስቦ ነው፤ ከተፈቀደው መጠን በላይ በሚገባ የውጭ ወተትና ቅቤ ላይ ከ200 በመቶ በላይ ቀረጥ ይጣላል። በዚህ የተነሳ ገቢው የተረጋጋ ነው፤ መግቢያው በር ግን ጠባብ ነው። አዲስ ሰው የሚገባበት ዕድል ስለሚያንስ፣ እርሻ በአብዛኛው ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ቋንቋውም አብሮ ይተላለፋል።

በወተቱ ሥራ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ድርሻ አላቸው። በዚያው የካውንቲዎች ኅብረት ውስጥ በዘ ኔሽን ማዘጋጃ ቤት ያለው የሴንት አልበርት አይብ ኅብረት ሥራ ማኅበር በ1894 የተቋቋመ ነው። ፋብሪካው በ2013 ቢቃጠልም እንደገና ተገንብቶ ሥራውን ቀጥሏል።

ከዚህ ወዴት?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በመላው ካናዳ ከ100,000 በላይ የወተት እርሻዎች ነበሩ፤ ዛሬ ከ10,000 ያነሱ ናቸው። ትናንሾቹ ሲሸጡ ትላልቆቹ ይጠቀልሏቸዋል፤ ወተቱ አይጎድልም፣ ቤተሰቡ ግን ይቀንሳል። ቤተሰብ ሲቀንስ በመንደሩ ትምህርት ቤት የሚቀመጥ ልጅም ያንሳል። ለኢስት ሆክስበሪና ለመሰሎቹ ታውንሺፖች ዛሬ ዋናው ጥያቄ የቋንቋ ሕግ አይደለም፤ ሕጉ አለ። ጥያቄው ወጣቱ እርሻውን ወርሶ እዚያው ቤት መሥርቶ መኖር ይችላል ወይ የሚለው ነው።