አንዷ ወፍራም እግር

“ወንድሜ፣ ሶኬቱ የት ነው?” አለችኝ፣ የእንጨት ሳጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጠች። እዚህ አሜሪካ ለዓመታት ስትንከባከባቸው የኖሩ አዛውንት ሲያርፉ “ለእሷ ይሁን” ብለው የተዉላት ሬዲዮ ነው። ከጀርባው የሚወጡት ጨርቃቸው የተበላ ሽቦዎች ብቻ ናቸው።

“ሶኬት አልተሠራለትም፤ የባትሪ ሬዲዮ ነው” አልኳት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አብዛኛው የአሜሪካ ገበሬ መብራት አልገባለትም። ከተሜውም ቢሆን እስከ አሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ድረስ ሬዲዮውን በአብዛኛው የሚያሠራው በባትሪ ነበር።

ይህን ስትሰማ ፊቷ በራና ከቦርሳዋ አዲስ ባለ 6 ቮልት ባትሪ አወጣች። የጥንት ሬዲዮ የሚሠራው በ6 ቮልት ነው ብለዋት ገዝታ መጥታለች። የነገራት ሰው አልዋሸም። በዘመኑ እጅግ የተለመደው 201ኤ የተባለው ቫልቭ (አምፖል መሰሉ የመስታወት ክፍል) በውስጡ የሚግለው ክር 5 ቮልት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሰዎች ባለ 6 ቮልት የመኪና ባትሪ ያገናኙለት ነበር። ይህ ሬዲዮ ግን ከእነዚያ ወገን መሆኑን ማን አረጋገጠ?

ሁለት ቫልቮች ብቻ ናቸው ያሉት። መስታወታቸው ላይ ጽሑፍ ከነበረም ጠፍቷል። አንዱን በቀስታ ነቅዬ ገለበጥኩት። ከአራቱ እግሮቹ ሦስቱ ቀጫጭን፣ አንዷ ወፍራም ናት። በዚያች እግር ሬዲዮውን አወቅሁት። ሌሎች ቫልቮችም በመልክ እንደዚህ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ያቺ ወፍራም እግር ያለችው ግን ደብሊው ዲ 11 ነው። የሚፈልገው 1.1 ቮልት ብቻ ነው። ሳጥኑም እ.ኤ.አ. በ1924 ከነቫልቮቹና ከነጆሮ ማዳመጫው በ35 ዶላር ይሸጥ የነበረው ራዲዮላ 3 ነው።

“ባትሪሽን ብናገናኘው ኖሮ ክሩ ብልጭ ብሎ ይበጠስ ነበር” አልኳት።

“መጠኑን ሳያዩ መድኃኒት እንደ መስጠት ነዋ!” አለች ደንግጣ። “እኔ እኮ የእሳቸውን ብልቃጥ ሦስቴ ሳላነብ አንዲት ፍሬ አልሰጠኋቸውም።”

ለወጣት ባለሙያዎች ስነግር የኖርኩትን በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰችው። እጃችን ወደ ካውያው ሲሮጥ ዓይናችን ይቀድም። ቴስተር እንኳ ሁልጊዜ የዋህ አይደለም። የድሮ ባለ መርፌ ቴስተር በዝቅተኛው የኦም መለኪያ ከ60 ሚሊአምፔር በላይ ሊያሳልፍ ይችላል። 199 የተባለው ቫልቭ ክር የሚሠራው ደግሞ በ60 ሚሊአምፔር ገደማ ነው፤ ስንመረምረው ልንጎዳው እንችላለን ማለት ነው።

ምርመራው ሁለት ጉዳት አሳየኝ። የአንዱ ቫልቭ ክር ተበጥሷል። የድምፅ ትራንስፎርመሩም የመጀመሪያ ጥቅል ተቆርጧል። ይህ የዚያ ዘመን ሬዲዮዎች ዋነኛ በሽታ ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በዘመናት ዝገት ይበላል። በሞተው ቫልቭ ቦታ ደብሊው ዲ 12 ተካሁ። ውስጡ ያው ነው፤ እግሩ ግን ስለሚለይ ማስማሚያ ሠራሁለት እንጂ የጥንቱን ሶኬት አልነካሁም። ዋናውን ትራንስፎርመርም ከቦታው ሳላነሳ ትንሽ አዲስ ከሥሩ ደበቅሁ። ከእኔ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ ሥራዬን ነቅሎ ሬዲዮውን እንደነበረ ማግኘት አለበት።

ባትሪው ሁለት ዓይነት ነው። ኤ የሚባለው ክሩን ያግላል፤ ለእሱ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ በቂ ነው፤ ትርፉን በሬዲዮው መቆጣጠሪያ እቀንሳለሁ። ቢ የሚባለው ከጋለው ክር የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች በቫልቩ ውስጥ ወዳለው ብረት፣ ወደ ፕሌቱ፣ ይስባል። አምስት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎችን ቀጣጥዬ 45 ቮልት አገኘሁ። በመስመሩ ላይ ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገባሁ፤ ሽቦ ተሳስቶ ቢነካካ እንኳ ከ45 ሚሊአምፔር በላይ አያልፍም፤ 250 የሚችለው ክርም ይተርፋል።

አመሻሹ ላይ ረጅም ሽቦ በመስኮት ዘርግተን የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋት። ይህ ሬዲዮ የሚሠራው ኤድዊን አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1914 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ብልሃት ነው፦ ቫልቩ ካጎላው ሞገድ ጥቂቱን ወደ መግቢያው መልሶ እንደገና ያጎላዋል። ማዞሪያውን ሲያበዙት ያፏጫል። ፉጨቱ ሊጀምር ሲል ትንሽ መለስ አደረግሁት። እጇን አነሳች፤ ዝም በል ማለቷ ነው። ሰው እያወራ ነበር።

ሳጥኑን ከመዝጋቴ በፊት፣ እንደ ልማዴ፣ ለቀጣዩ ባለሙያ ወረቀት አኖርኩ፦ “ክሩ 1.1 ቮልት ነው። ከዚህ አታሳልፉ።” ወረቀቱን ተቀብላ ሦስቴ አነበበችው፤ ከዚያ ክዳኑን ራሷ ገጠመችው።