የፔዮቴ ቁልቋል የተፈጥሮ መኖሪያና ወሰን

በሩቅ አገር ስለሚበቅል ዕፅ ማወቅ ለገበሬና ለከብት አርቢ ምን ይጠቅመዋል የሚል ቢኖር፥ የፔዮቴ ታሪክ በቂ መልስ ይሰጠዋል። ፔዮቴ በሰሜን አሜሪካ በረሓ የሚበቅል ትንሽ ቁልቋል ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ማስረዳት ይገባል። በአገራችን ቁልቋል የምንለው፥ ሲቈርጡት ነጭ ወተት የሚያፈሰው ዛፍ፥ መልኩ ቢመሳሰልም ከካክተስ ወገን አይደለም። የካክተስ ወገን ከአንድ ዓይነት በቀር የተፈጥሮ አገሩ አሜሪካ ነው፤ በትግራይና በኤርትራ የለመድነው በለስ እንኳ ከዚያ የመጣ ነው። ፔዮቴም ከዚሁ ወገን ሲሆን፥ የዕፀዋት ሊቃውንት ሎፎፎራ ዊልያምሲ ብለው ይጠሩታል።

ፔዮቴ እሾህ የለውም። ከመሬት በላይ የሚታየው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ፥ ክብና ጠፍጣፋ ራስ ብቻ ነው፤ ስፋቱም ብዙውን ጊዜ ከ12 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። የሚበልጠው አካሉ ከአፈር በታች ነው፤ ሥሩ እንደ ካሮት ወፍሮ ውሃ ያከማቻል። በድርቅ ጊዜ ራሱ እየተኰማተረ ወደ አፈር ስለሚሰርግ፥ አላፊ አግዳሚው ሳያየው ይረግጠዋል።

የሚገኝበት አገር

ሰሜናዊ ወሰኑ በቴክሳስ ግዛት በሪዮ ግራንዴ ወንዝ አጠገብ ነው። በዚያም በስታር፥ በጂም ሆግ፥ በዌብና በዛፓታ አውራጃዎች፥ እንዲሁም በምዕራብ ቴክሳስ በጥቂት ቦታዎች ይበቅላል። ከወንዙ ማዶ በሜክሲኮ ኮዋዊላን፥ ኑዌቮ ሌዮንን፥ ታማውሊፓስን፥ ዱራንጎንና ሳካቴካስን ይዞ እስከ ሳን ሉዊስ ፖቶሲ ይወርዳል። የዚህ አገር ሰፊው ክፍል የቺዋዋ በረሓ ይባላል።

ይሁን እንጂ በዚህ ወሰን ውስጥ በሁሉም ስፍራ አይገኝም። የሚወደው የኖራ ድንጋይ ያለበትን፥ ውሃ የማይቋጥር ጠጠራማ አፈር ነው። ከፍታውን በተመለከተ፥ በወንዙ አጠገብ ካለው ዝቅተኛ ቆላ ጀምሮ እስከ 1,800 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ የሚበቅለውም በቍጥቋጦ ጥላ ሥር ነው። ከነዚህም አንዱ ሜስኪት የሚባለው፥ ከፕሮሶፒስ ወገን የሆነው እሾሃማ ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ቡቃያውን ከፀሐይና ከእንስሳ ኮቴ እየከለለ እንደ ሞግዚት ያሳድገዋል።

የሚያጠፋው ምንድን ነው?

ፔዮቴ ሜስካሊን የተባለ አእምሮን የሚለውጥ ንጥረ ነገር ስላለው በብዙ አገሮች በሕግ የተከለከለ ነው። ለአካባቢው ነባር ሕዝቦች ግን የተቀደሰ ዕፅ ነው። የዊሻሪካ ሕዝብ እርሱን ፍለጋ በሳን ሉዊስ ፖቶሲ ወዳለው ወደ ዊሪኩታ ምድር ይሳለማል። በአሜሪካም በ1994 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሕግ ነባር ሕዝቦች ለሃይማኖታቸው እንዲገለገሉበት ፈቅዷል።

ጕዳቱ የሚጀምረው ከአቈራረጡ ነው። አረንጓዴው ራስ ብቻ በአግባቡ ቢቈረጥ፥ ከታች የቀረው ግንድ አዲስ ራስ ያወጣል፤ ከሥሩ ጠልቆ ቢቈረጥ ግን ይሞታል። ደግሞም ዕድገቱ እጅግ የዘገየ ነው፤ ከዘር ተነሥቶ እስኪያብብ በተፈጥሮ ቦታው ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ዕረፍት ሳያገኝ ደጋግሞ የተቈረጠው እየመነመነ ይጠፋል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ማረሻው ነው። በደቡብ ቴክሳስ ከብት አርቢዎች የግጦሽ መስክ ለማስፋት ቍጥቋጦውን በትራክተር ከነሥሩ ገለበጡት፤ ፔዮቴም ከሞግዚቶቹ ጋር አብሮ ተነቀለ። በቦታው ከተዘሩት ሣሮች ዋነኛው በፈል ግራስ ይባላል። ይህ ሣር በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ቴክሳስ የገባ የአፍሪካ ሣር ነው፤ በእኛም ቆላ በተፈጥሮ ይበቅላል። በአገሩ ለከብት መልካም ግጦሽ ሲሆን፥ በዚያ ግን መሬቱን ሸፍኖ ለነባሩ ዕፅ ስፍራ ነሣው።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

የዚህ ነገር ግልባጭ በእኛም አገር ደርሷል። ለፔዮቴ ጥላ ከሚሆነው ሜስኪት ጋር የቅርብ ዘመድ የሆነው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ፥ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ አፋር ምድር ገብቶ የአዋሽን ሸለቆ ግጦሽ አጥፍቷል። በአሜሪካ ሞግዚት የነበረው ወገን በእኛ ዘንድ ወራሪ ሆነ፤ የእኛም ሣር በእነርሱ ዘንድ እንዲሁ አደረገ።

እንግዲህ ዕፅ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ተብሎ የሚፈረደው ከሚኖርበት ምድር ጋር ተመዝኖ ነው። ስለዚህ የሩቅ አገር ዘር ይበጃል ሲባል፥ ከመዝራት በፊት አስቀድሞ በትንሽ መደብ ሞክሮ ጠባዩን መመርመር ይገባል። ቍጥቋጦም ከመመንጠሩ በፊት በጥላው ሥር ምን እንደሚኖር ጐንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ማረሻ በአንድ ቀን የገለበጠውን ፔዮቴ፥ ምድሪቱ የምትመልሰው ብትመልሰው እንኳ ከብዙ ዓመት በኋላ ነውና።