የዘይት ኮፓ በሞተር ቅየራ

የዘይት ኮፓ ከሞተር ሥር በቡሎን ታስሮ የሞተር ዘይት የሚያጠራቅም ዕቃ ነው። ሞተር ከፒካፕ ወጥቶ ወደ ሌላ መኪና ሲዛወር ብዙ ጊዜ አልገጥም የሚለው ይኸው ክፍል ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሼቭሮሌ ሲልቨራዶ ላይ የተገጠመውና በአሜሪካ በብዛት የሚዛወረው 5.3 ሊትር ቪ8 ሞተር ኮፓው ጥልቅ ነው፤ ዝቅ ያለ የቤት መኪና ውስጥ ሲገባ ከሻንሲው አግድም ብረት ጋር ይጋጫል፣ ወይም ከሥሩ ወጥቶ ድንጋይ ይመታዋል። ሞተሩን ከፍ ቢያደርጉት ደግሞ የሞተሩ ክዳን ላይዘጋ ይችላል።

ስለዚህ ለዚያው ሞተር የተሠራ ጥልቀቱ ያነሰ ኮፓ ይመረጣል። የተለመደው ስህተት ኮፓውን ብቻ መቀየር ነው። ዘይት የሚስበው ቱቦም አብሮ መቀየር አለበት፤ አፉ ከኮፓው ወለል ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል። በጣም ከተጠጋ ዘይት ያጥረዋል፣ ከራቀ መኪናው ሲታጠፍ አየር ይስባል። ቱቦው ከፓምፑ ጋር የሚገናኝበት የጎማ ቀለበት ሲገጠም ከተቆረጠም ፓምፑ አየር ስለሚስብ የዘይት ግፊት ይወርዳል፤ ብሮንዚናዎቹም ይበላሉ።