ፀጉር ለምን ይቆማል? ስለ ኮንዲሽነር ጥቂት እንወቅ

በሐርጌሳ በደረቁ የጂላል ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ገደማ፣ ፀጉር በፕላስቲክ ማበጠሪያ ሲበጠር ጣ ጣ እያለ ይቆማል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ነው። ማበጠሪያውና ፀጉሩ ሲፋተጉ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። እያንዳንዷ ፀጉር ተመሳሳይ ቻርጅ (ሙል) ስለምትይዝ አንዷ ሌላዋን ትገፋለች። አየሩ ርጥብ ቢሆን ቻርጁ ቶሎ ይሸሻል፤ በደረቅ አየር ግን እዚያው ይቆያል።

ጅግጅጋ ያር ካለ ሱቅ ኮንዲሽነር ስትገዙ እስቲ የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ። በብዙዎቹ ላይ «ሴትሪሞኒየም ክሎራይድ» የሚል ታገኛላችሁ። ይህ በፋብሪካ የሚሠራ ኬሚካል ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ 16 ካርቦኖች የተደረደሩበት ጅራት ነው፤ ቅባት ይወዳል። ሌላው ናይትሮጅን ያለበት ራስ ነው፤ ውኃ ይወዳል፣ ቻርጁም ፖዘቲቭ ነው።

ሥራው ሁለት ነው፦

1. ዘይትና ውኃ ተዋሕደው ክሬም እንዲሆኑና እንዳይለያዩ ይረዳል።
2. የታጠበ ፀጉር ገጹ ኔጌቲቭ ስለሆነ የኬሚካሉ ራስ እዚያ ላይ ይለጠፋል። ፀጉሩ ይለሰልሳል፣ ፍትጊያው ይቀንሳል፣ ቻርጅም አይጠራቀምም።

ታዲያ ቅቤስ? እናቶቻችን የሚቀቡት ለጋ ቅቤም ፀጉርን አለስልሶ ፍትጊያ ይቀንሳል። ግን እንደ ሴትሪሞኒየም በቻርጅ አይያዝም፤ ፀጉሩን ሸፍኖ ይቀመጣል እንጂ።

ውኃ ውድ ስለሆነ ሻምፖና ኮንዲሽነር ቀላቅሎ መታጠብ ቁጠባ ሊመስል ይችላል። አያዋጣም! የብዙ ሻምፖዎች ማጽጃ ኔጌቲቭ ነው፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይያያዙና ሥራቸው ይዳከማል። በፋብሪካ ተመጣጥኖ የተሠራ «ሁለት በአንድ» ሌላ ነገር ነው። ለመቆጠብ ከሻምፖው በኋላ ጥቂት ኮንዲሽነር ወስዶ ጫፍ ጫፉን መቀባት ይሻላል።

ጥንቃቄም አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ፣ ሴትሪሞኒየም ክሎራይድ ታጥቦ በሚወጣ የፀጉር ምርት ውስጥ እስከ 2.5 በመቶ፣ ሳይታጠብ በሚቀር ውስጥ ደግሞ እስከ 1 በመቶ ብቻ ይፈቀዳል። ስለዚህ «ይታጠባል» የተባለውን ፀጉር ላይ አታሳድሩት። ዓይን ያቃጥላል፤ ከገባ ቶሎ በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡ፣ ካልተሻለ ክሊኒክ ሂዱ። ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ ስንት በመቶ እንደያዘ ስለማይታወቅ አትግዙት።

ለመምህራን፦ ደረቅ ፀጉርን በፕላስቲክ ማበጠሪያ አበጥሩና ማበጠሪያውን ወደ ቁርጥራጭ ወረቀት አስጠጉ። በሌላ ቀን ያው ፀጉር በኮንዲሽነር ታጥቦ ሲደርቅ ድገሙት። ተማሪዎች ሁለቱንም ጊዜ የተነሡትን ወረቀቶች ቆጥረው ልዩነቱን ራሳቸው ያስረዱ።